ሁለት ቁልፍ ያለው ሳጥን

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻ ላይ የምለምናችሁ ነገር ስላለ ግን እባካችሁ ሳትጨርሱ እንዳትሄዱ።

ባለፈው ወር አንድ ሐሙስ፣ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ አስተምሬ ስወጣ ጥበቃው "ቲቸር፣ በር ላይ ሰው ይፈልግሃል" አለኝ። ብሄድ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ቆማለች። "ቲቸር፣ ታስታውሰኛለህ?" አለችኝ። ፊቷን አውቀዋለሁ፣ ስሟ ግን ጠፋኝ። መምህር የሆናችሁ ይህቺን ጭንቀት ታውቋታላችሁ። "9ኛ ሐ፣ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ዴስክ" ስትለኝ ወዲያው መጣችልኝ። በ2004 ታሪክ አስተምሬያታለሁ። እጇን ሳታወጣ የምትመልስ፣ ተናግራ ስትጨርስ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ነበረች።

ጉዳይዋ ትራንስክሪፕት ነው። የተከራዩት ቤት ከሁለት ዓመት በፊት ሲቃጠል ወረቀቷ በሙሉ አብሮ ነደደ። አሁን ደግሞ ትምህርቷን ልትቀጥል ስትል የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ውጤትሽን ከትምህርት ቤትሽ አምጪ ተባለች። የ10ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናዋን ሌላ ቦታ ጠይቃ አግኝታለች። የቀረው የእኛ ነው። "ሪከርድ ክፍል ሦስቴ ተመላልሻለሁ፤ የእናንተ ዓመት ሮስተር የለም አሉኝ። አንተ እዚህ የቆየህ ስለሆንክ ምናልባት የት እንዳለ ታውቃለህ ብዬ ነው" አለችኝ።

አውቃለሁ። እሱ ነው ችግሩ።

በ2011 ክረምት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ይጽዳ ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ምስጥም ገብቶበታል። አዲስ የመጡ ዴስኮች ማስቀመጫ ጠፋ። "የአምስት ዓመቱ ይበቃል፣ ከዚያ በፊት ያለው ይወገድ" ተባለ። ማን እንደወሰነ አሁን ላነሳው አልፈልግም፤ ምክንያቱም ከኮሚቴው አባላት አንዱ እኔ ነኝ። እጄን አውጥቻለሁ። ሮስተሩን፣ ማርክ ሊስቱን፣ የድሮ ፈተና ወረቀቱን በማዳበሪያ ሞልተን ስንሸከም አንዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ካለችው ሱቅ ቆሎ ስገዛ የተጠቀለለልኝ በራሴ ቀይ እስክሪብቶ በታረመ የታሪክ ፈተና ነው። 13/20። ያን ጊዜ ሳቅኩ። እንዲያውም ለባልደረቦቼ እያሳየሁ አሳቅኩበት።

ለልጅቷ ይህን አልነገርኳትም። "እስቲ ልፈልግ" አልኳት። መምህር ሲዋሽ እንዲህ ነው የሚለው።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልውሰዳችሁ። ዝም ብዬ አይደለም፣ አጋጣሚው ራሱ ነው የወሰደኝ። በዚያው ሳምንት ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ሼፊልድ ከተማ አረጋውያን ሲንከባከብ ውሎ ያድራል። የእረፍት ቀኑን አውቶቡስ ይዞ ደርቢሻየር ወደምትባለው ክፍለ ሀገር አንዲት የገጠር መንደር ሄዶ ነበር። ኢያም ተብላ ብትጻፍም ነዋሪዎቿ ኢም ነው የሚሏት። የላከው የቅዱስ ሎውረንስ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንን ፎቶ ነው፣ የአንግሊካኖች። ከፎቶው ጋር ድምፅ ልኳል፦ "ቲቸር፣ እዚህ በ1665 የሞተ ልብስ ሰፊ ስሙ ከነቀኑ ይታወቃል። የእኔ አያት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሞተ ቤታችን የሚያውቅ የለም።" (የእንግሊዙን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ልብስ ሰፊው ጆርጅ ቪካርስ ይባላል። ለንደን በወረርሽኝ በምትታመስበት ዓመት ከዚያ የመጣ ጨርቅ ተቀበለ። ጨርቁ እርጥብ ስለነበር እሳት ዳር አሰጣው፣ ቁንጫው ከዚያ ወጣ ይባላል። መስከረም 7 ቀን 1665 ተቀበረ። ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት። በቀጣዩ ዓመት በጋ ሲገባ በሽታው ሲብስ የአጥቢያው ወጣት ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን አንድ ከባድ ሐሳብ አመጣ፦ ማንም ከመንደሩ አይውጣ፣ በሽታውን ወደ ጎረቤት ከተሞች አንውሰድ። ሕዝቡ ለእሱ አዲስ ነው፣ ብዙም አይወዱትም። ስለዚህ ከእሱ በፊት የነበረውንና አዲሱን የጸሎት ሥርዓት አልቀበልም ብሎ ከቦታው የተባረረውን ቶማስ ስታንሊን ለመነው። ሁለቱ የማይስማሙ ቄሶች አብረው ቆመው ሕዝቡን አሳመኑ። ይህቺን ቦታ ሳነብ ቆም ብያለሁ። የተባረረ ሰው በተካው ሰው ጎን ሲቆም በእኛ ሰፈር ብዙም አላየሁም።

ሕዝቡም ቀረ። ከውጭ ምግብ የሚያመጣላቸው ሰው ድንበር ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ክፍያውን በድንጋይ ላይ በተፈለፈለች ጉድጓድ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ነክረው ይተዉለታል። ቅዳሴው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሜዳ ላይ ሆነ። ሬሳ የሚቀብር ሲጠፋ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ሰው በጓሮው ቀበረ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት በነሐሴ 1666 በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በእጇ ቀብራለች። ስምንት ቀን! የእኛ ሰው አንዱን ቀብሮ ሠልስት ሳይወጣ ማለት ነው ሌላው የሚከተለው። በዚያው ወር የቄሱ የሞምፐሰን ሚስት ካትሪንም ሞተች። ወረርሽኙ እስኪያበቃ 260 ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ግን እንዴት ነው? የመንደር ሰዎች ናቸው። ገበሬ፣ የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪ፣ የቤት እመቤት። ንጉሥ የለበትም፣ ጦርነት የለበትም። የምናውቀው በዋናነት የአጥቢያው የቀብር መዝገብ ስላለ ነው። ስም፣ ቀን፣ ስም፣ ቀን። ሌላ የለውም። "ደግ ሰው ነበር" የለም፣ "ሁሉም አለቀሰለት" የለም። ተማሪዬ የላከልኝን የስም ዝርዝር ሳነብ አንድ የቤተሰብ ስም ሲደጋገም፣ ሲደጋገም፣ ከዚያ በቃ ሲጠፋ አየሁ። ለክፍል ልጆቼ ሰሌዳ ላይ ብጽፍላቸው ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

እንግዲህ እኔ አንድ ነገር ከያዘኝ አልተውም፤ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ስለ እነዚህ መዝገቦች ሳነብ ከረምኩ።

ነገሩ የጀመረው በ1538 ነው። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዋና ሰው የነበረው ቶማስ ክሮምዌል በየአጥቢያው ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር ይመዝገብ ብሎ አዘዘ። (ከመቶ ዓመት በኋላ ከመጣው ከኦሊቨር ክሮምዌል ጋር እንዳታምታቱት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ አምታትቼዋለሁ፤ ይቅርታ የ2006 ልጆች።) ትእዛዙ ደስ የሚል ዝርዝር አለው። አጥቢያው መዝገቡን የሚያኖርበት አስተማማኝ ሳጥን ይግዛ። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው። አንዱ ቁልፍ ከቄሱ ዘንድ፣ ሌላው ከምእመናኑ ተወካዮች ዘንድ ይሁን። ቄሱ በየእሑዱ የሳምንቱን ሲጽፍ ተወካዮቹ እያዩት ይጻፍ። ካልጻፈ ይቀጣል። በኋላ ደግሞ በ1603 ቁልፉ ሦስት ሆነ። ማለትም አንድ ሰው ብቻውን ከፍቶ ሊቀድ፣ ሊሰርዝ፣ ሊጥል አይችልም።

እኛ ግምጃ ቤቱን ስንከፍት ቁልፉ አንድ ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰው ኪስ ውስጥ።

ሕዝቡ መጀመሪያ ላይ ነገሩን አልወደደውም። ስማችንን የሚጽፉት ግብር ሊጥሉብን ነው ብሎ አጉረመረመ። አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ ግብሩ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ዘገየ እንጂ መጣ። በ1783 በእያንዳንዱ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር ላይ ሦስት ፔኒ ተጣለ። ድሆች ነፃ ነበሩ። ያን ጊዜ መዝገቡ ላይ "ድሃ" የሚባለው ሰው በድንገት በዛ። በ1794 ተዉት። ሰው የትም ሰው ነው።

የቆምኩበት ቦታ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ብዙዎቹ በወረቀት የተጻፉ ስለነበሩ መበላሸት ጀመሩ። በ1598 ሁሉም በብራና ላይ ይገልበጥ ተባለ። ጥሩ ነው። ትእዛዙ ግን "በተለይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ዓመት ወዲህ ያለውን" የሚል ቃል ነበረበት። ኤልሳቤጥ የነገሠችው በ1558 ነው። ብዙ ቄሶች ይህቺን "በተለይ" የምትል ቃል እንደ ፈቃድ ወሰዷት። የሃያ ዓመቱን ትተው ከ1558 ብቻ ገለበጡ። አሮጌው ወረቀት በበሰበሰ ጊዜ እነዚያ ሃያ ዓመታት አብረው ሄዱ። በእነዚያ ዓመታት የተጠመቀ ሕፃን፣ የተቀበረች እናት፣ በዚያ አጥቢያ እንዳልነበሩ ሆኑ።

"የአምስት ዓመቱ ይበቃል።" ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ በግቢው ተንጎራደድኩ።

ሼክስፒርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በስትራትፎርድ የቅድስት ሥላሴ አጥቢያ መዝገብ ላይ ሚያዝያ 26 ቀን 1564 እንደተጠመቀ በላቲን ተጽፏል። የምናየው ግን ያ ያኔ የተጻፈው ወረቀት አይደለም፤ በኋላ በብራና የተገለበጠው ነው። የሚገርመው የልደት ቀኑ አይታወቅም። ሚያዝያ 23 የሚሉት በግምት ነው፤ መዝገቡ ጥምቀትን እንጂ ልደትን አይጠይቅም። የኔ ተቃራኒ ነው። እናቴ የተወለድኩበትን ቀን አብጠርጥራ ታውቃለች፦ የሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም፣ ለጠበል የተጋበዙት ሰዎች ገና ሳይሄዱ። ዓመቱን ስጠይቃት ግን "ደርግ ሊወድቅ ሁለት ወይ ሦስት ዓመት ሲቀረው" ነው የምትለው። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ዓመት የሰጠኝ አጎቴ ነው፣ አንደኛ ክፍል ሲያስመዘግበኝ። መዝጋቢው "ስንት ዓመቱ ነው?" አለ፤ አጎቴ ቁመቴን አይቶ "ሰባት" አለ። ከዚያ በኋላ ያለኝ ወረቀት ሁሉ፣ ዲፕሎማዬ ጭምር፣ ከዚያች "ሰባት" የወጣ ነው።

አሁን በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አለ፤ ሕጉ በ2004 ወጣ፣ ሥራው በመላ አገሪቱ የጀመረው በ2008 ማለቂያ ነው። ያዘልኩት ልጅ ሰርተፍኬት አለው ብላኛለች ያቺ ተማሪዬ። ለእሷና ለእኔ ዓይነቱ ግን፣ ከገጠርም ሆነ ከትንሽ ከተማ ለተነሣን፣ ስማችን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም የሰፈረው የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ነው። እኔ ማዳበሪያ ውስጥ የከተትኩት እሱን ነው።

አንባቢ "ቤተ ክርስቲያናችንስ?" ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ የእኛዎቹም ጽፈዋል። ወንጌሉ ዳርቻ ላይ ጉልት የሰጠ፣ የወሰደ፣ የመሰከረ ስሙ ሰፍሮ ይገኛል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ወርቅ ወንጌል ለዚህ የታወቀ ነው። ልዩነቱ እዚያ የሚጻፈው ርስት ወይም ሥልጣን ያለው ሰው መሆኑ ነው። የእንግሊዞቹ መዝገብ ግን አሳዛኙንም ይጽፋል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን ሕፃን ይጽፋል፣ ያውም አንዳንዴ በጭካኔ ቃል። መንገድ ላይ ተጥሎ የተገኘውን ልጅ፣ በተገኘበት ቦታ ስም ሰይመው ይጽፉታል። ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ በአጥቢያው ቢሞት "አንድ እንግዳ ሰው" ተብሎ ቀኑ ይጻፋል።

አንዷን ብቻ ጨምሬ ልመለስ። ከ1754 ጀምሮ ሙሽሮች መዝገቡ ላይ እንዲፈርሙ በሕግ ተደነገገ። መጻፍ የማይችል X ያደርጋል። የዛሬ የታሪክ ሰዎች እነዚህን ምልክቶች ቆጥረው ያኔ ስንት ሰው መጻፍ እንደሚችል ገመቱ፦ መጀመሪያ አካባቢ ከወንዶቹ 60 በመቶ ያህሉ ሲፈርም ከሴቶቹ 40 በመቶ እንኳ አልሞላም። ሪግሊ እና ስኮፊልድ የተባሉ ሁለት ምሁራን ደግሞ የ404 አጥቢያዎችን መዝገብ ደምረው ከ1541 እስከ 1871 የእንግሊዝን ሕዝብ ብዛት አስልተው በ1981 መጽሐፍ አወጡ። አብዛኛው ቆጠራ ያልነበረበት ዘመን ነው! ያ በየእሑዱ የሚጽፈው የገጠር ቄስ ይህ ይመጣል ብሎ አይደለም የጻፈው። ምናልባት ቅጣቱን ፈርቶ ነው፣ ምናልባት እጁ በብርድ ደንዝዞ እያጉረመረመ ነው።

አሁንም ቢሆን እዚያ አገር በጣም ያረጀ መዝገብ በአጥቢያው እጅ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አይፈቀድም። በ1978 በወጣ ደንብ መሠረት ወይ ሙቀቱና እርጥበቱ እየተለካ በደንብ ይጠበቃል፣ ወይ ለክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ይሰጣል። ከ1598ም ጀምሮ ቄሱ በየዓመቱ አንድ ቅጂ ለጳጳሱ ይልክ ነበር። አጥቢያው ቢቃጠል፣ አይጥ ቢበላው፣ የጳጳሱ ቅጂ ይኖራል። ብዙ የጠፋ ዘመን የተገኘው በዚህ ነው።

ቅጂ የምትለዋ ቃል ናት ከወንበሬ ያስነሣችኝ።

ሮስተር እኮ አንድ ብቻ አይሠራም! የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ በእጅ በሚሠራበት ዘመን ካርቦን አስገብተን ሦስት ኮፒ እናወጣ ነበር፣ ጣታችን ሰማያዊ እስኪሆን። አንዱ ለሪከርድ፣ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ከክፍል ኃላፊው ጋር ይቀራል። ሁለቱን እኛ ጥለናል። ሦስተኛውስ?

መጀመሪያ የራሴን ፈተሽኩ። አልጋ ሥር ካለችው ሻንጣ የ2004ን የማርክ ደብተሬን አገኘሁት። 9ኛ ሐ፣ ተራ ቁጥር 31፣ ታሪክ፣ አንደኛ ሴሚስተር 78፣ ሁለተኛ ሴሚስተር 84። ደውዬ ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ ዝም አለች፤ ከዚያ "84 ነበር እንዴ?" ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የነገርኳት፤ ማዳበሪያውንም፣ ቆሎውንም። "እና ቲቸር፣ አንተም ነበርክ?" አለች። አዎ አልኳት። "ይሁን" አለች። ያ "ይሁን" እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የአንድ መምህር ደብተር ብቻውን ለትራንስክሪፕት አይሆንም፤ ሪከርድ ክፍል ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የክፍል ኃላፊው የፈረመበት ሮስተር ከተገኘ ግን ርዕሰ መምህሩ ኮሚቴ አቋቁሞ እንደሚያየው ቃል ገብቶልኛል። ኮሚቴ ሲባል ሆዴ ቢባባም ተቀብያለሁ።

የያኔው የ9ኛ ሐ ኃላፊ ጡረታ ወጥተው ወደ ልጆቻቸው ሄደዋል። ስልካቸውን አፈላልጌ ደወልኩ። "ጋሼ፣ የ2004 ሮስተር ኮፒ ምናልባት እጅዎ ላይ ይኖር ይሆን?" አልኳቸው። "እኔ ወረቀት አልጥልም፤ ባለቤቴ ነበረች የምትጥለው፣ ነፍሷን ይማረውና" አሉኝ። ቀጥለውም "ሁለት ካርቶን አለ። ቆጥ ላይ ነው፣ እኔ አልወጣም፤ የልጅ ልጄ ቅዳሜ ይመጣል፣ እሱ ያወርደዋል" አሉ። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው። በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ።

እስከዚያ ልመናዬ ይኸው። ከ1998 እስከ 2005 በትምህርት ቤታችን የክፍል ኃላፊ የነበራችሁ መምህራን፣ ያላችሁበት ቦታ የትም ይሁን፣ የሮስተር ኮፒ ካላችሁ እባካችሁ አትጣሉት፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ። ተማሪ የነበራችሁ ደግሞ የክፍል ካርዳችሁ ካለ ሁለቱንም ገጽ በደንብ ብርሃን ላይ ፎቶ አንሡት። ለራሳችሁ አንድ ቦታ፣ ለምታምኑት ሰው ሌላ ቦታ አስቀምጡት። የሰው ውጤት ስለሆነ ኮሜንት ላይ እንዳትለጥፉ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሚኒ ሚዲያ ልጆች በእረፍት ሰዓት ከእኔ ጋር እየቆዩ ከ2006 ወዲህ ያለውን ሮስተር ገጽ በገጽ በስልክ እያነሣን ነው፤ እስከ ትናንት 2008 ደርሰናል። አንዱ ልጅ የታላቅ እህቱን ስም አግኝቶ "አስራ ሦስተኛ ነው የወጣችው፣ ሦስተኛ ነበርኩ ብላን ነበር!" እያለ ግቢውን ሲዞር ዋለ።

9ኛ ሐዎች፣ በተለይ እናንተ። ተራ ቁጥር 31 እየጠበቀች ነው።